የመንደራችሁን ታሪክ ሰው ሳያልቅባት ጻፉ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ዙሪያ ልጆች

ድሬዳዋ ላይ «አገርህ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው የከተማ ሰፈሩን፣ «ከዚራ» ወይ «መጋላ» ብሎ አያቆምም። ቆየት ብሎ የእናቱን ወይም የአባቱን መንደር ይጠራላችኋል። አንዱ በድሮው ሐዲድ ዳር ካለች ፌርማታ ነው፣ ሌላው ከደንገጎ በታች ካለ ሸለቆ፣ ሌላው ደግሞ ከሐረር ወዲያ ማሽላ ከሚዘራበት ቆላ። ከእነዚህ መንደሮች አንዳንዶቹ ዛሬ ሦስት አራት ጭስ ብቻ ነው የሚታይባቸው። ድሮ ማን የት ይኖር እንደነበር የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እያለፉብን ነው። ስለዚህ ቶሎ እንጀምር።

ይሄ ጽሑፍ የመንደሩን ታሪክ ለመጻፍ አስቦ ከየት እንደሚነሳ ለጨነቀው ሰው ነው። የታሪክ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና ትዕግስት ካላችሁ በቂ ነው። «መንደራችን እንዲህ ነበረች» የሚለውን ክፍል ማንም ያወራላችኋል። የሚከብደው ሰዉ መቼ፣ በምን ምክንያትና ወዴት እንደሄደ ማወቁ ላይ ነው። እኔም ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለሱ ነው።

መጀመሪያ መንደራችሁ እውነት ሰው እያነሰባት መሆኑን አረጋግጡ። በእኛ አካባቢ ገጠሩ በጥቅሉ ሰው አላነሰውም። በ1999 የሕዝብና ቤት ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 233,224ቱ የከተማ ነዋሪ ሲሆን የቀረው 108,610 ሰው ገጠር ነበር። ወደ አወዳይና ሐረማያ ብትወጡ ደግሞ ጫት በሚበቅልበት መሬት ላይ ሰው ጢም ብሎ ነው የሚኖረው፤ እዚያ የቸገረው መሬት ነው። ታዲያ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል አንዲት መንደር ባዶ እየሆነች ከሄደች የራሷ የሆነ ምክንያት አላት ማለት ነው። ያንን ምክንያት ማግኘት ነው የእናንተ ሥራ።

የቀበሌው ቁጥር እንዳያሳስታችሁ። አንድ የገጠር ቀበሌ ብዙ መንደር ይይዛል። ቀበሌው እያደገ አንዷ መንደር ልትጠፋ ትችላለች፣ ሰው ከሐዲድ ዳር ተነስቶ አስፋልት ዳር ሲሰፍር ያው እዚያው ቀበሌ ውስጥ ነዋ! ደግሞም አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ብቻ ነው። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በሶማሌ ክልል ሦስተኛው ቆጠራ የተደረገው ዘግየት ብሎ ኅዳር 2000 ላይ ስለሆነ፣ መንደራችሁ ወደ ሽንሌ በኩል ከሆነች ቀኑን ስትጽፉ ልብ በሉ። ከዚያ ወዲህ «የሕዝብ ብዛት» ተብሎ የሚቀርበው ቁጥር በአብዛኛው ትንበያ ነው። ትንበያ ደግሞ የአንዲት መንደር በር መዘጋቱን አያውቅም።

ስለዚህ ራሳችሁ ቁጠሩ። ሰውን ትታችሁ ቤት ቁጠሩ። «ድሮ ስንት ሰው ነበራችሁ?» ብላችሁ ሽማግሌ ብትጠይቁ መልሱ «አይ ልጄ፣ ብዙ ነበርን» ነው። «ከእርስዎ ቤት ቀጥሎ የማን ቤት ነበር?» ስትሉ ግን ወሬው ይፈታል።

የእናቴ ዘመድ የሆኑ አንዲት ሴት አሉ። ባቡር ፌርማታው ላይ ሲቆም ሻይና ሳምቡሳ ይሸጡ ነበር፣ አሁን ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ሰፈር ነው የሚኖሩት። የቤቶቹን አቀማመጥ በቃል ማስረዳት ሲያቅታቸው ከሰሃኑ ላይ የተምር ፍሬ አነሱና ምንጣፉ ላይ መደርደር ጀመሩ። መጀመሪያ የውሃ ታንከሩን አስቀመጡ። ከዚያ ሐዲዱን በጣታቸው አሰመሩ። ከታንከሩ በስተቀኝ የሐዲድ ሠራተኛው ቤት፣ ከሱ ቀጥሎ አረብ ቤት (ሱቁ ማለት ነው)፣ ከአረብ ቤቱ ጀርባ ግመል የሚያከራዩት ወንድማማቾች፣ ማዶ የራሳቸው ቤት። አንዷን ፍሬ አስቀመጡና መልሰው አነሷት። «አይ፣ እሷ እንኳ የመጣችው የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው» አሉ። በዚህ አንድ ቃል ቤቱም ዓመቱም ተገኘ፣ የልጃቸውን ዕድሜ እናውቃለና። ምንጣፉ ላይ የተደረደረውን በስልክ አነሳሁት፣ ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥር ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ያነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ያንን ሥዕል እያዩ ነበር የሚያርሙልኝ። እናንተም እንዲህ አድርጉ፤ ጠጠርም ይሁን ቆርኪ፣ ካርቶን ላይ የተሳለም ይሁን ልዩነት የለውም። ዋናው ነገር አንድ ዓመት መርጣችሁ «በዚያ ዓመት እዚህ ቦታ ላይ የማን ቤት ነበር?» እያላችሁ በተርታ መሄድ ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ቤት ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ስጡ። አባወራው ወይም እማወራዋ ማን ነበሩ፣ በምን ይተዳደሩ ነበር፣ ቤት ውስጥ ስንት ነፍስ ነበር፣ ከየት መጥተው ነው የሰፈሩት፣ ዛሬ እዚያ ያለው ማነው። በተለይ ይቺን ጥያቄ አትዝለሉ፦ ከዚያ ቤት መጀመሪያ የወጣው ማነው? ቤተሰብ በአንድ ቀን አይነቀልም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ትልቁ ልጅ ጅቡቲ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ሴቷ ልጅ ድሬ ዘመድ ቤት ትገባለች፣ ከዚያ እናትየው የልጅ ልጅ ልታሳድግ ትከተላለች፣ አባትየው ከፍየሎቹ ጋር ብቻውን ይቀራል፣ እሱ ያለፈ ዕለት ቤቱ ያበቃለታል። «መቼ ለቀቁ?» ብላችሁ ብቻ ብትጠይቁ የምታገኙት የመጨረሻዋን ቀን ነው፤ ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

የቆመውንም የፈረሰውንም ቤት በዓይናችሁ ሄዳችሁ እዩ። ቆርቆሮውን ነቅሎ፣ ማገሩን ፈትቶ በአይሱዙ ጭኖ የሄደ ሰው ለመመለስ አላሰበም። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤት የሰጠ ሰው ግን ልቡ እዚያው ነው፤ በዓመት አንዴም ቢሆን ብቅ ይላል። ሁለቱን በደብተራችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ የድንጋይ መሠረቱን፣ ጉልቻውን፣ የተተወ የድንጋይ ወፍጮ ካለ እሱንም አንሱት። በአንድ ቤት ስንት ሰው እንደነበር ጭራሽ ካልታወቀ ወደ 5 ሰው እየያዛችሁ ልትገምቱ ትችላላችሁ፤ ግን አጠገቡ «ግምት» ብላችሁ ጻፉ።

ዓመተ ምህረት ላይ አትጨቃጨቁ። የእኛ ሰው ዓመት የሚቆጥረው በደረሰበት ነገር ነው፣ ስለዚህ እናንተ አስቀድማችሁ የሚታወቁ ዓመቶችን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ጣልያን ሐረርና ድሬ የገባው በ1928 ሚያዝያ ማብቂያና ግንቦት መግቢያ ላይ ነው፣ የወጣው መጋቢት 1933። የመሬት አዋጁ የካቲት 1967። የሶማሌ ጦርነት 1969 ክረምት ላይ ጀምሮ የካራማራ ድል የካቲት 1970 ነው። የ1977 ድርቅና ደርግ ገበሬውን በአንድ ቦታ ያሰባሰበበት መንደር ምስረታ አለ። 1983 የመንግሥት ለውጥ። የደቻቱ ጎርፍ ሐምሌ 1998 ማብቂያ፤ ያቺን ሌሊት የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። የ2008 ድርቅ። የብር ኖት የተቀየረው መስከረም 2013። «ልጅዎ ያገባችው ከጎርፉ በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ትክክለኛ መልስ ታገኛላችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ወረቀት ካጋጠማችሁ ከመስከረም 1 እስከ ታህሳስ 22 ገደማ ላለው ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ላለው ስምንት ዓመት ቀንሱ፤ የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀማችሁም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግልጽ አድርጉ። ብዙ ጥሩ ሥራ በዚህ ነው የተበላሸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሰው ለምን ወጣ? የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ «ችግር ነው» ወይም «ድርቅ ነው» ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን አይበቃም። ከዚያ በፊትም ድርቅ ነበር፤ ታዲያ ያኔ ሳይወጡ ቆይተው አሁን ለምን ወጡ? እዚህ ላይ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

የሐዲድ መንደር ልጅ ከሆናችሁ ምክንያቱ በደረጃ የመጣ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው ታህሳስ 1895 ነው። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስለከበደ ሐዲዱ በቆላው በኩል ሄደ፣ ድሬም በዚያ ምክንያት ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ሲሆን መስመሩ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ባቡሩ በእንፋሎት ይሄድ ስለነበር በየተወሰነ ርቀት ቆሞ ውሃ መሙላት ነበረበት። በጅቡቲ በኩል እነ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ በአዋሽ በኩል እነ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ ጣቢያ ሆኑ። በመሃሉ ካርታ ላይ እንኳ በቅጡ የማይታዩ ትንንሽ ፌርማታዎችም ነበሩ። ጣቢያ ባለበት ውሃ አለ፣ ውሃ ባለበት ከብት ይመጣል፣ ሐዲድ ጠጋኝ ደሞዝ አለው፣ ደሞዝ ባለበት ሱቅ ይከፈታል፣ ባቡር ሲቆም ደግሞ ሴቶቹ ወተቱንም ፍራፍሬውንም ሻዩንም በመስኮት ይሸጣሉ። ብዙዎቹ መንደሮች የተመሠረቱት በዚህ መንገድ ነው።

ከ1940ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ባቡር እንፋሎቱን ሲተካ ባቡሩ ለውሃ መቆም አላስፈለገውም። ይሄ የመጀመሪያው ጉዳት ነው፣ ግን ብዙ ሰው አይጠቅሰውም፣ ምክንያቱም ባቡሩ ለተሳፋሪ መቆሙን አላቋረጠም። ቀጥሎ የጭነት መኪናው ዕቃውን ወሰደ። ከዚያ ሐዲዱ እያረጀ ጉዞው እየተቆራረጠ ሄዶ የአዲስ አበባና የድሬ መስመር ጭራሹን ቆመ። በመጨረሻ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ተመረቀ፤ እሱ የሚሄደው በራሱ አዲስ መስመር ነው፣ የድሬው ጣቢያ እንኳ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ በድሮዎቹ ትንንሽ ፌርማታዎችም አይቆምም። ስለዚህ «ባቡሩ ሲቆም መንደሩ ሞተ» ብላችሁ በአንድ መስመር አትለፉት። የእናንተ መንደር የትኛው ደረጃ ላይ ነው የተመታችው? የሐዲድ ጠጋኞቹ ደሞዝ የቀረው መቼ ነው? አረብ ቤቱ መቼ ተዘጋ? በእኔ ግምት የሱቁ መዘጋት ከባቡሩ መቆም ይበልጣል፤ ስኳርና ጋዝ ለመግዛት ግማሽ ቀን መጓዝ የጀመረ ሰው መኖሪያውን ማሰብ ይጀምራል።

ሌላው ውሃ ነው። የሐረማያን ሐይቅ አስቡት። የሐረር ከተማ የሚጠጣው ከሱ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ሰው ሁሉ «ዝናብ ጠፋ» ይላል፣ ነገር ግን ጫትና አትክልት ለማጠጣት በየማሳው የተተከለው ፓምፕ፣ ለከተሞቹ ይሳብ የነበረው ውሃና ከተራራው ታጥቦ የገባው ደለል አንድ ላይ ናቸው የጨረሱት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው ተመልሶ ታየ። ከዚህ የምትወስዱት ነገር አለ፦ የመንደራችሁን ጉድጓድ ታሪክ ለብቻው ጻፉ። ማን ቆፈረው፣ ስንት ክንድ ነበር፣ ስንቴ ተጠለቀ፣ ፓምፕ ከገባ ማን አስገባው፣ ሲበላሽ ማን ያስጠግነው ነበር፣ ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ይሄዱ ነበር፣ አሁንስ? ይሄን ወንዶቹ አያውቁትም። ጀሪካን የተሸከሙትን ጠይቁ።

በሐረርጌ ለሚጻፍ ማንኛውም የመንደር ታሪክ ደግሞ መንደር ምስረታው ሊታለፍ አይችልም። ደርግ ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ በአንድ ቦታ ማሰባሰብ በስፋት የጀመረው እዚሁ ሐረርጌ ላይ ነው፣ በ1977። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ቤቱን አፍርሶ በመስመር በተሠራ አዲስ መንደር ሰፈረ። ከመጋቢት 1982 የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለውጥ በኋላና በ1983 ብዙው ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። ይሄ ቁጥራችሁን ያዛባዋል። መንደራችሁ በ1978 ትልቅ ሆና በ1984 ትንሽ ከሆነች ሰው ተሰደደ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ወደ አባቱ ርስት ተመልሶ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ በ1978 «የጠፋች» መንደር በጉልበት የተነሳች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመንደር ምስረታ በፊት የነበረውን፣ በመሃሉ የነበረውንና ከዚያ በኋላ የነበረውን ለያይታችሁ ቁጠሩ።

በ1969 ጦርነት የሸሸና ያልተመለሰ አለ። በ2009 እና በ2010 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት የተፈናቀለ አለ። ለ9ኛ ክፍል ወደ ከተማ ሄዶ በዚያው የቀረ ልጅ አለ፤ ይሄ ድምፅ የለውም ግን ብዙ ቤት የዘጋው እሱ ነው። በጅቡቲ አድርጎ በኦቦክ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ሳዑዲ የገባ አለ። ከኅዳር 2006 ጀምሮ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከመንደራችሁ የተመለሰ ካለ የት እንደሰፈረ ጠይቁ። መንደሩ ነው የተመለሰው ወይስ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ቤት ተከራይቶ ነው? መልሱ ስለ መንደራችሁ ብዙ ይናገራል።

ወረቀት አለ ወይ? አለ፣ ሰው ከሚያስበው በላይ። የመጀመሪያው የአፎሻው (የእኛ አካባቢ መረዳጃ ማህበር) ወይም የእድሩ መዝገብ ነው። እኔ ያየሁት አንዱ ጠርዙ የተበላ ባለ መስመር ደብተር ነበር። በግራ በኩል ስም፣ ከዚያ በየወሩ መዋጮ የተከፈለበት ምልክት። ምልክቱ አንድ ቦታ ላይ ይቆምና ከፊቱ በሌላ እስክሪብቶ «ድሬ ገባ» ወይም «ጅቡቲ» ተብሎ ተጽፏል። አንዳንዱ ስም ላይ መስመር ተሰምሮበት «አረፈ» ይላል። ከዚህ የተሻለ የሕዝብ ቆጠራ የትም አታገኙም፣ ምክንያቱም ለቀብር የሚመጣውን ሰው የሚቆጥር መዝገብ የሌለን ሰው አለ አይልም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ዳኛውንና ጸሐፊውን አስፈቅዱ፣ ደብተሩንም ወደ ቤታችሁ አትውሰዱ።

ቀጥሎ ትምህርት ቤት። የ1ኛ ክፍል ምዝገባ መዝገብ በየዓመቱ ስንት ልጅ እንደገባ ያሳያችኋል፤ ልጅ ማነሱ ከሁሉም ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤተሰብ ማህደር አላት። የገበሬ ማህበር ቃለ ጉባኤ፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የደርግ ጊዜ የራሽን ካርድ በየሰው ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሴፍቲኔት ስም ዝርዝርም ይጠቅማል፣ ግን ስሙ ያለ ሁሉ እዚያ ይኖራል ብላችሁ አትውሰዱ። የልደትና የሞት ሰርተፍኬት አትፈልጉ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው 2008 ማብቂያ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ካለ የክርስትና መዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለ ጽሑፍ። መስጊድ ካለ መስጊዱን ማን እንደሠራውና ስንቴ እንደሰፋ ጠይቁ፤ መስጊድ የሚሰፋው ሰው ሲበዛ ነው።

ካርታም እዩ። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያወጣው 1 ለ50,000 ካርታ ላይ ብዙ ትንንሽ መንደር በስም ይገኛል። ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ምስል የሚያሳየውን ምልክት ተጭናችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ቆርቆሮ ከላይ ሲታይ ያንጸባርቃል፣ ስለዚህ በየዓመቱ ጣሪያውን መቁጠር ይቻላል። ለገጠራችን ጥርት ያለው ምስል የሚገኘው ግን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ስም ላይ ተጠንቀቁ። ኤረር ብቻ እንኳ ከድሬ በስተምዕራብ በሐዲዱ ላይ አንድ አለ፣ በሐረሪ ክልል ሌላ አለ። ኮምቦልቻም ወሎ ላይ አለ፣ እኛ ጋርም አለ። የሰማችሁት ወሬ የየትኛው እንደሆነ ወዲያው አጣሩ።

አፈ ታሪኩን አትጣሉት፣ እንደ እውነትም አትጻፉት። ከድሬ ወደ ሐረር በሚወስደው በኩል ያለችውን ሐርላን እዩ። ገበሬው ሲያርስ ትልልቅ የተጠረበ ድንጋይና የውጭ አገር ሳንቲም እያገኘ «እዚህ ግዙፍ ሰዎች ይኖሩ ነበር» ይል ነበር። በ2009 ይፋ በተደረገው በቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቁፋሮ ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ዶቃና ጌጣጌጥ የሚሠራበት ቦታ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ተገኘ። ሕዝቡ ግዙፎቹ ላይ ቢሳሳትም አንድ ነገር በትክክል ይዞ ቆይቷል፦ እዚህ ከእኛ በፊት ትልቅ ነገር የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። እናንተም «ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ» ብላችሁ ቃል በቃል ጻፉ፣ የምታውቁትን ደግሞ ለብቻው።

ሰው ስታነጋግሩ በሚጠሩበት ስም ጥሯቸው፤ ሐጂ ከሆኑ ሐጂ፣ አያ ከተባሉ አያ፣ እማማ ከሆኑ እማማ። በሚመቻቸው ቋንቋ ያውሩ። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚቀናቸውን ሰው በአማርኛ ስታስጨንቁ ግማሹን ነው የምታጡት፣ ስለዚህ ቋንቋውን የሚችል የመንደሩን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥርና ስም በጠዋት ጠይቁ። ከሰዓት በርጫ (ጫት የሚቃምበት ጊዜ) ላይ ጨዋታው ደስ ይላል፣ ዘፈኑም ተረቱም የሚመጣው ያኔ ነው፣ ምርቃናው ሲመጣ ግን የከብቱም የሰዉም ቁጥር ያድጋል። ሴቶችን ወንዶቹ በሌሉበት ለብቻ አነጋግሩ። ከሁሉም በላይ መንደሩ ውስጥ የቀሩትን ብቻ አትጠይቁ፤ የሄዱት ናቸው ለምን እንደሄዱ የሚያውቁት። ድሬ ውስጥ ያሉትን ቤታቸው ሂዱ፣ ጅቡቲና ጅዳ ያሉትን በኢሞ ወይም በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ያዙ። አንዱ «አቦ፣ እኔ መንደሩ ጠልቶኝ አይደለም የወጣሁት» ብሎ ይጀምርና ሌሊቱን ሙሉ ይልክላችኋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የማን ቤት የት እንደነበረ የሚያሳይ ሥዕል በመሬት ክርክር ወይም በወሰን ጭቅጭቅ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ጎሳ ቀድማችሁ አትጠይቁ፣ የሚናገረው ሰው ራሱ ካላነሳው አስፈላጊ አይደለም። በድብቅ ባሕር የተሻገረን ሰው ስምና ያለበትን ቦታ ለሕዝብ በሚወጣ ጽሑፍ ውስጥ አታስገቡ። ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ ሙሉ ስም ያለበት ቤታችሁ የሚቀመጥ፣ ስሙ በቁጥር የተተካበት ደግሞ የምታወጡት።

ስትጽፉ በአፄ ምኒልክና በራስ መኮንን አትጀምሩ። የሐረርጌን ታሪክ የሚያነብ ሰው እነሱን ሌላ ቦታ ያገኛቸዋል፣ የእናንተን ጉድጓድ ግን የትም አያገኘውም። በውሃው ጀምሩ፣ ማን መጀመሪያ እንደሰፈረ ቀጥሉ፣ መንደሩ የሞላበትን ጊዜ በሰፊው ጻፉ፤ ማን ምን ይሸጥ ነበር፣ ሠርጉ እንዴት ነበር፣ ልጆቹ ምን ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ቤት በቤት ወደ አወጣጡ ግቡ። ሠላሳ ገጽ ይበቃል። የድሮ ፎቶ ካገኛችሁ ጀርባውንም አንሱ፣ ብዙ ጊዜ ቀኑ የተጻፈው እዚያ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት። ሐረር ጁገል ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም አንድ ሰው በራሱ ተነሳሽነት ከየቤቱ መጽሐፍ፣ የድምፅ ቅጂና ዕቃ እየሰበሰበ ያቆመው ነው፤ ስለዚህ ለትንሽ ነገር ቦታ የለም አትበሉ። አሳትማችሁ አንዱን ለመንደሩ ትምህርት ቤት፣ አንዱን ለአፎሻው፣ አንዱን ለድሬዳዋ ወይም ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስጡ፣ ቀረጻውን ደግሞ በሁለት ፍላሽ ገልብጣችሁ በሁለት የተለያየ ቤት አኑሩ። የትምህርት ቤቱ ቅጂ መጨረሻ ላይ ጥቂት ባዶ ገጾች ተዉ። «የእኛን ቤት ተሳስታችሁ ነው የጻፋችሁት» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ የተናገረውን፣ ስሙንና ቀኑን እዚያው ላይ በእጁ እንዲጽፍ አድርጉ፣ የእናንተንም ጽሑፍ ሳትሰርዙ ከጎኑ ተዉት።